ባለ ቅርጽ ዕንቍ ቀለበትን ስለ መመርመር

በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ ሮማ ይጓዙ የነበሩ የአውሮፓ መኳንንት፥ የጥንት ግሪኮችንና ሮማውያንን ጥበብ ከመውደዳቸው የተነሣ፥ የአማልክትና የጀግኖች መልክ የተቀረጸበትን ዕንቍ በወርቅ አስይዘው ወደ አገራቸው መመለስን ልማድ አድርገውት ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ቀለበት በእጁ የገባለት ሰው ዓይኑ አስቀድሞ ወደ ወርቁ ይሳባል፤ ዳሩ ግን አሮጌ ዕንቍ ባዲስ ወርቅ፥ አዲስ ዕንቍም ባሮጌ ወርቅ ሊቀመጥ ስለሚችል፥ የወርቁ ምስክርነት ደካማ ነው።

ስለዚህ መርማሪው በእጁ ሙቀት ያለዘበውን ሰም በዕንቍው ላይ ይጫን። ቀራጺው የደከመው በድንጋዩ ላይ ጐድጕዶ የሚታየው ጕንጭና አፍንጫ በማኅተሙ ላይ ሥጋ ለብሶ ይነሣ ዘንድ ነውና። በቅኔ ቤት ወርቁ በሰሙ ውስጥ ተሰውሮ ይፈለጋል፤ በዚህ ግን ወርቁ ለሁሉ የተገለጠ ሲሆን ምሥጢሩን የሚያወጣው ሰሙ ነው።

እንግዲህ ጠጕሩ እንደ ገመድ ተደርድሮ እንደ ሆነ ወይም ከግንባሩ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ወርዶ እንደ ሆነ፥ አንገቱም ከትከሻው ጋር በጅማት ተዋሕዶ ወይም እንደ ዓምድ ተተክሎ እንደ ሆነ ይመልከት። ድንጋዩ የሚቀረጸው ዘይትና የአልማዝ ትቢያ በተቀባ፥ በሚሽከረከር ትንሽ ብረት ነውና፥ ሰነፍ እጅ የብረቱን ክብ ጕድጓድ እንደ ነበረ ትቶት ያልፋል፤ ብልህ እጅ ግን ጕድጓዱን ከጕድጓድ አዋሕዶ የመሣሪያውን ዱካ ያጠፋል። ድንጋዩ ብዙ ጊዜ በራእየ ዮሐንስ የተጠራው ሰርድዮን ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት በውስጡ ክብ የአየር አረፋ ከተገኘ ግን ብርጭቆ ነው።

በተጻፈው ስም መታመንስ አይገባም። የፖላንድ የመጨረሻው ንጉሥ የወንድም ልጅ የነበረው ልዑል ስታኒስላስ ፖንያቶቭስኪ 2500 የሚያህል ዕንቍ ሰብስቦ ነበር፤ አብዛኛው ግን በዘመኑ ቀራጾች የተሠራ ሲሆን፥ የአውግስጦስ ቄሣርን ማኅተም የቀረጸው የዲዮስቆሪደስና የሌሎች ጥንታውያን ስም በሐሰት ተጽፎበት ነበር። ልዑሉ በ1833 ከሞተ በኋላ ስብስቡ በ1839 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በሎንዶን በጨረታ ተሸጠ፤ ነውሩም በተገለጠ ጊዜ ዋጋው ወደቀ። እኔ ግን፥ ስሙ ሐሰት ቢሆንም ከእነዚህ ብዙዎቹን የሠራው እጅ እውነተኛ ነው ብዬ እፈርዳለሁ።

በሮማ ይሠራ የነበረው ቀራጺ ጆቫኒ ፒክለር ግን የገዛ ስሙን በግሪክ ፊደል ይቀርጽ ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ያ ፊደል በሰሙ ላይ ቀንቶ የሚነበብበት፥ ጠጕሩም ነፋስ የነካው የሚመስል ሰርድዮን ቢያጋጥምህ፥ ወርቁ የተሰነጠቀ እንኳ ቢሆን አትመልሰው።