መውደቅ የማይችል ቴስት

የሼል ቴስት ሪቪው ሳደርግ «ያልፋል ወይ?» ብዬ አልጀምርም። ማለፉንማ ፓቹን የላከው ሰው አይቶታል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ ቴስት መቼ ይወድቃል? መልሱን ከኮዱ ላይ ካላገኘሁ አላጸድቅም። የስህተት መልዕክትን የሚፈትሽ ቴስት ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል፤ እዚህ ትክክለኛው ውጤት ራሱ ውድቀት ነውና። ፕሮግራሙ እምቢ ማለት አለበት፤ እምቢ ያለበትንም ምክንያት ለተጠቃሚው በትክክል መንገር አለበት። ለሼል ግን ዜሮ ያልሆነ የመውጫ ኮድ ሁሉ አንድ ነው።

ምሳሌዬን ከጊት ልውሰድ። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ይህ ሶፍትዌር አብዛኞቹ ቴስቶቹ ዛሬም በሼል የተጻፉ ናቸው። ጊት አውቆ ሲያቆም፣ ማለትም «ፌታል» ብሎ ምክንያቱን ነግሮ ሲወጣ፣ የመውጫ ኮዱ 128 ነው። ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ነክቶ ክራሽ ሲያደርግ ግን ሼሉ የሚያየው 139 ነው፤ 128 ሲደመር የሲግናሉ ቁጥር 11። ከትዕዛዙ ፊት የቃለ አጋኖ ምልክት (!) ብቻ አስቀምጦ «መውደቅ አለበት» የሚል ቴስት ሁለቱንም እኩል ይቀበላል። ጊት «ቴስት መስት ፌይል» የሚባል የራሱን ፈንክሽን የሠራው ለዚህ ነው። በሲግናል መሞትንም፣ ትዕዛዙ ባለመገኘቱ የሚመጣውን 127ንም እንደ ተገቢ ውድቀት አይቆጥራቸውም።

ቀጥሎ የማየው ፓይፕ ነው። የጊት ውጤት በፓይፕ ወደ ግሬፕ ከገባ፣ ሼሉ የሚያስታውሰው የግሬፕን የመውጫ ኮድ ብቻ ነው፤ ጊት መሃል ላይ ቢሞትም ማንም አያውቅም። «ፓይፕፌይል» የሚባለው መፍትሔ ወደ ፖዚክስ የገባው በ2024ቱ እትም ስለሆነ፣ በየማሽኑ መሮጥ ያለበት ስክሪፕት ገና አይተማመንበትም። ስለዚህ የስህተት ውጤቱ በ«2>» ወደ ፋይል ይጻፍ፣ የመውጫ ኮዱ ለብቻው ይረጋገጥ፣ ከዚያ ፋይሉ ይነበብ እላለሁ። እርምጃዎቹም በ«&&» ይያያዙ። አንዷ «&&» ከተረሳች ከእሷ በፊት የነበረው ውድቀት ተውጦ ይቀራል። ጊት ይህን ለማጥመድ በ2015 ያስገባው ዘዴ ያስደስተኛል፦ ከቴስቱ ፊት 117 የሚመልስ ትዕዛዝ በ«&&» ይቀጠላል። ሰንሰለቱ ካልተበጠሰ ቀሪው ሳይሮጥ 117 ይመለሳል፤ ሌላ ቁጥር ከመጣ የሆነ ቦታ ተበጥሷል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚሸውደው ግን መልዕክት አለመኖሩን የሚፈትሸው መስመር ነው። የመጀመሪያው መስመር የስህተት ውጤቱን «ኤረር» ወደተባለ ፋይል ይጽፋል እንበል። ሁለተኛው «ኤረርስ» በተባለ ፋይል ውስጥ «ፌታል» አለመኖሩን በ! እና በግሬፕ ያረጋግጣል። የፋይሉ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቷል። ግሬፕ ካገኘ 0፣ ካላገኘ 1፣ ፋይሉን መክፈት ካቃተው 2 ይመልሳል፤ ያ ! ደግሞ 2ንም እንደ 1 ወደ ስኬት ይገለብጠዋል። ቴስቱ ምንም ሳያነብ ለዓመታት ያልፋል፤ ሌባ ሲገባ የማይጮህ ውሻ ማለት ይህ ነው። የጊት «ቴስት ግሬፕ» በአንጻሩ ፋይሉ መኖሩን አስቀድሞ ያረጋግጣል፤ ሲወድቅም የፋይሉን ይዘት ስለሚያሳይ ጥፋቱን የሚፈልገው ሰው በጨለማ አይዳክርም።

ያለ ምክንያት የሚወድቅ ቴስትም ከማይወድቀው አይሻልም። መልዕክቱን ቃል በቃል የሚያነጻጽር ቴስት አንድ ኮማ ሲታረም ይወድቃል፤ ሰዉም ሳያስብ የሚጠበቀውን ጽሑፍ እየቀየረ ማለፍ ይለምዳል። ጽሑፉ ከስርዓተ ክወናው የሚመጣ ሲሆን ይብሳል። ሲምቦሊክ ሊንክ በራሱ ላይ ሲዞር፣ ኡቡንቱ ላይ ያለው ጂ-ሊብሲ የተባለው የሲ ላይብረሪ የሊንኩ ደረጃ መብዛቱን ይናገራል፤ አልፓይን ሊኑክስ የሚጠቀምበት መስል ግን ሊንኩ ዙር መፍጠሩን በሌላ አነጋገር ይገልጻል። ፕሮግራሙ ልክ ሆኖ ቴስቱ አንዱ ላይ አልፎ ሌላው ላይ ይወድቃል። ወደ ሌላው ጽንፍ ሄዶ «ፌታል» የሚለውን ብቻ መፈለግም አያዋጣም፤ በማንኛውም ሌላ ስህተት ያልፋልና። እኔ እንዲፈተሽ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ተጠቃሚው የሰጠው የፋይል ወይም የኦፕሽን ስም በመልዕክቱ ውስጥ መኖሩን፣ እና ይህን ስህተት ከሌሎቹ የሚለየውን ቁልፍ ሐረግ። የቀረውን ጸሐፊው እንዳሻው ያሳምረው።

ሪቪው የምታደርጉ ወገኖች፣ ከማጽደቃችሁ በፊት ኮዱን ሆን ብላችሁ አበላሹት። ስህተቱን የሚይዘውን ሁኔታ አጥፉና ቴስቱን አስሩጡ፤ ከዚያ ኮዱን ወደነበረበት መልሳችሁ፣ መልዕክቱ ውስጥ ያለውን የፋይል ስም አውጡና እንደገና አስሩጡ። በሁለቱም ጊዜ መውደቅ አለበት። አንዴም ቢሆን ካለፈ፣ ፓቹን ወደ ላኪው መልሱት።