ካውቦዮቹና ጥቁር ሰሌዳው

ከሰዓት በኋላ ፈረቃ የምታስተምሩና የምትማሩ ሁሉ ይህን ነገር ታውቁታላችሁ። ገበያው አጠገብ ያለው ቪዲዮ ቤት የካውቦይ ፊልም በሚያሳይበት ቀን የኋላ ወንበሮች ባዶ ይሆናሉ። ስም ስንጠራ «አቤት» የሚል ይጠፋና ጓደኛው ቶሎ ብሎ «አሞታል፣ ቲቸር» ይላል። ማታ ላይ ያ በሽተኛ ከብሎክ ብሎክ እየሮጠ በጣቱ ሲተኩስ እናገኘዋለን። ልጆቹ የሚጣሉት ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነው፦ አክተር ማን ይሁን? ሌባ መሆን የሚፈልግ የለም። አክተር አይሞትማ!

እኛም ብንሆን በልጅነታችን ሃምሳ ሳንቲም ይዘን በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት በር ላይ የተሰለፍን ነን። ስለዚህ ይህን የምንጽፈው ፊልሞቹን ለማውገዝ አይደለም። የሚያስጽፈን የአንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። እንዲህ አለን፦ «ቲቸር፣ ፊልሙ ላይ መምህሩ ሲናገር ማንም አይሰማውም። ሽጉጥ የያዘው ሲገባ ግን ሁሉም ዝም ይላል። ታዲያ ለምንድነው የምንማረው?» የዚያን ቀን ደወል ተደወለና ሳንመልስለት ወጣን። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልሳችን ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሠላሳ ሰከንድ

በካውቦይ ፊልም ዓለም ከሁሉ የገነነው ተኩስ ኦኬ ኮራል በሚባል የፈረስ በረት ስም የሚጠራው ነው። የተደረገው ኦክቶበር 26 ቀን 1881፣ አሪዞና ውስጥ ቱምስቶን በምትባል የብር ማዕድን ከተማ ነው። በአንድ ወገን ሦስቱ የኧርፕ ወንድማማቾች ቨርጂል፣ ዋያትና ሞርጋን፣ ከወዳጃቸው ከዶክ ሆሊዴይ ጋር ነበሩ። በሌላው ወገን የክላንተንና የመክላውሪ ወንድማማቾች ቆሙ። ተኩሱ የፈጀው ሠላሳ ሰከንድ ገደማ ሲሆን የተተኮሰውም ሠላሳ ጥይት ያህል ነው። ሦስት ሰው ሞተ። ሲዝቱ ካደሩት አንዱ፣ አይክ ክላንተን፣ ተኩሱ ሲጀመር ሮጦ አመለጠ። ቦታውም በረቱ ውስጥ አልነበረም፤ አንድ ፎቶ ቤት አጠገብ ያለ ጠባብ ባዶ ቦታ ነበር።

የጠቡ መነሻ ደግሞ ፊልሞቹ ከሚነግሩን ሁሉ ይልቅ ለእኛ ይቀርበናል። ቱምስቶን ከተማ ውስጥ መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀስ በከተማው ሕግ ክልክል ነበር። የከተማው የፖሊስ አዛዥ የነበረው ቨርጂል ወደ ቦታው የሄደው ሰዎቹን ትጥቅ አስፈታለሁ ብሎ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሽጉጥ እንደ ልብ ይያዝበት ነበር የሚባለው ያ አገር «ከተማ ስትገባ መሣሪያህን አስቀምጥ» የሚል ሕግ ነበረው። ካምፕ ውስጥ መሣሪያ ክልክል መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ ይህን ሲሰማ እንደሚገርመው እንገምታለን።

ፊልሙ የሚያልቅበት ቦታ ላይ እውነተኛው ታሪክ ገና ይጀምራል። ወንድማማቾቹ በነፍስ ግድያ ተከሰው ጉዳያቸው አንድ ወር ያህል በዳኛ ፊት ታየና ተለቀቁ። በዲሴምበር ቨርጂል ሌሊት አድፍጠው በጠበቁት ሰዎች ተመትቶ ክንዱ ሽባ ሆነ። በማርች 1882 ሞርጋን ቢሊያርድ ቤት ውስጥ ከጀርባው ተተኩሶበት ሞተ። ዋያት ደግሞ ሊበቀል ወጣ። ሠላሳ ሰከንዷ ምንም አልጨረሰችም፤ ደም ደምን እየጠራ ወራት አለፈ። ቂም ያለበት አገር ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ ፊልም አያስፈልገውም።

ዋያት ኧርፕ ራሱ እስከ ሰማንያ ዓመቱ ኖሮ በ1929 ሎስ አንጀለስ ሞተ። በ1931 ስቱዋርት ሌክ የጻፈው መጽሐፍ ወጣና ሰውዬው ገነነ፤ መጽሐፉ ብዙ የተጋነነ ነገር አለበት። ከዚያ በኋላ ሲኒማው ተረከበው። ጆን ፎርድ በ1946 በሠራው «ማይ ዳርሊንግ ክሌመንታይን» ዶክ ሆሊዴይ ቀዶ ሐኪም ሆኖ ተኩሱ ላይ ይሞታል። እውነተኛው ሆሊዴይ የጥርስ ሐኪም ነበር፤ የሞተውም በሳንባ ነቀርሳ፣ በ1887፣ ኮሎራዶ ውስጥ ነው። ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ተገድሎ ለበቀል ምክንያት የሚሆነው የሁሉ ታናሽ ተብሎ የቀረበው ጄምስ፣ በእውነቱ የዋያት ታላቅ ነበር፤ እስከ 1926ም ኖሯል! ያም ሆኖ ፊልሙ ውብ ነው። ገና ተሠርቶ ባላለቀው ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ የከተማው ሰው የሚጨፍርበት ትዕይንት ብቻውን ይበቃዋል። የ1957ቱ «ጋንፋይት አት ዘ ኦኬ ኮራል» ግን ሠላሳዋን ሰከንድ ወደ ደቂቃዎች ለጥጦ ጦርነት አስመስሏታል። ልጆቻችን አሁን በስልክ የሚቀባበሉት የ1993ቱ «ቱምስቶን» ለታሪኩ ይቀርባል፤ ነገር ግን በቀሉን እንደ ሠርግ ያደምቀዋል።

ክፍሏ ባዶ የቀረባት መምህርት

ከዚህ ዓይነት ፊልሞች ሁሉ ለመምህራን የምንመርጠው ሄንሪ ኪንግ በ1950 ያዘጋጀውን «ዘ ጋንፋይተር» ነው፤ «ተኳሹ» እንደ ማለት ነው። ግሪጎሪ ፔክ ጂሚ ሪንጎ የሚባለውን ዝነኛ ተኳሽ ሆኖ ይሠራል። ሪንጎ ደክሞታል። የሚፈልገው ለዓመታት ያላያቸውን ሚስቱንና ልጁን ማየት ብቻ ነው። ግን በገባበት መጠጥ ቤት ሁሉ ስም ፈላጊ ጎረምሳ ይነሳበታል። ገና ፊልሙ ሲጀምር አንዱ ይተነኩሰዋል፤ ሪንጎ ይገድለዋል። የሟቹ ሦስት ወንድሞችም ይከተሉታል። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ፊልም የሚያልፈው አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ሰዓት እያዩ በመጠበቅ ነው። ፈረስ ግልቢያና ተኩስ የለመደ ተመልካች «ምነው ተኩስ የለም?» ይላል። ቁም ነገሩ እዚያ ላይ ነው፤ የዝነኛው ሰው ኑሮ እንዲህ ግድግዳ ተደግፎ በር በር ሲያዩ መዋል ነው።

አሁን መምህራን፣ ይህን ልብ በሉልን። የሪንጎ ሚስት ፔጊ የዚያች ከተማ አስተማሪ ናት። «ሪንጎ መጣ» ሲባል ወንዶቹ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ቀርተው መጠጥ ቤቱ መስኮት ላይ ተደርድረው ያዩታል። ከእነርሱ አንዱ የገዛ ልጁ ነው፤ አባቱ መሆኑን ግን አያውቅም። እናቱ ባስተማረችው ከሚኖር ይልቅ ሁሉም በሚፈራው ሰው ይማረካል። እንደምናየው የቪዲዮ ቤታችን መስኮት አዲስ ነገር አይደለም፤ ያ ፊልም ከተሠራ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል።

መጨረሻው ይበልጥ ይከብዳል። ሃንት ብሮምሊ የሚባል የሰፈር ጉራተኛ ሪንጎን ከጀርባው ይመታዋል። ሪንጎ ሊሞት እያጣጣረ «አትሰሩት፤ ቀድሜ የመዘዝኩት እኔ ነኝ» ይላል። ምሕረት ይመስላል፤ ግን እርግማን ነው። ሪንጎን የገደለ ተብሎ በዝና ይኑር፤ ነገ እርሱንም ሌላ ጎረምሳ ይፈልገው እንደ ማለት ነው። የካውቦይ ፊልም ዝናን እንዲህ እንደ ቅጣት ሲያስረክብ ያየነው ከስንት አንዴ ነው። አንድ ነገር ግን ይቆጨናል፦ የመጨረሻው ምስል ሪንጎን እንደገና ጀምበር ስትጠልቅ በፈረስ የሚጋልብ አፈ ታሪክ ያደርገዋል። ፊልሙ ሙሉውን ያፈረሰውን በአንድ ምስል መልሶ ሠራው።

ሰሌዳው ሲጠረግ

ሁለተኛው ምርጫችን የጆን ፎርድ «ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው» (1962) ነው። ጄምስ ስቱዋርት የሚሠራው ስቶዳርድ የተማረ ወጣት ጠበቃ ነው። ወደ ሺንቦን ሲመጣ ቫላንስ የሚባለው ወንበዴ ዘርፎ ይገርፈዋል። ጠበቃው ምግብ ቤት ውስጥ ሽርጥ ታጥቆ ሳህን ያጥባል። ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጦ ቡና ቤት የሚያስተናግድ ሰው ካምፓችን ውስጥ ስላለ ይህ አያስቀንም። ጠበቃው ግን ማንበብ የማትችለው ሃሊ ለምትባለው የምግብ ቤቱ ልጅ ፊደል ላስተምርሽ ይላትና ጋዜጣ ቤቱ ውስጥ ትምህርት ቤት ይከፍታል። ትልልቅ ሰዎች፣ የሜክሲኮ ሕፃናት፣ ፖምፒ የሚባለው ጥቁር ሠራተኛም አብረው ይቀመጣሉ። ሰሌዳው ላይ የሕግና የሥርዓት መሠረቱ ትምህርት ነው የሚል ተጽፏል።

ፖምፒ በሊንከን ፎቶ ሥር ቆሞ የአሜሪካን የነፃነት አዋጅ በቃሉ ሲል፣ የሰው ልጅ ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጠረ የሚለው ጋ ሲደርስ ይጠፋበታል። መምህሩ ያንን ብዙ ሰው ይረሳዋል ብሎ ያጽናናዋል። ፖምፒን የሠራው ዉዲ ስትሮድ ነው፤ «ስፓርታከስ» (1960) ላይ ድራባ የተባለውን ኢትዮጵያዊ ግላዲያተር የሆነው እርሱ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ከእውነተኞቹ ካውቦዮች አራት አንዱ ያህል ጥቁር እንደነበር ይገምታሉ፤ በፊልሞቹ ግን ፈልገን የምናገኘው እንዲህ አንድ ሁለቱን ነው።

ከዚያ ጆን ዌይን የሚሠራው ቶም ዶኒፎን ገብቶ ፖምፒን ወደ ሥራው ይመልሰዋል። ቫላንስ ታጣቂ እየሰበሰበ መሆኑንም ይናገራል። ክፍሉ ይበተናል። መምህሩም ሰሌዳውን ጠርጎ ሽጉጥ ሊለማመድ ይሄዳል። ይህን ቦታ ፊልሙን አቁመን ደጋግመን አይተነዋል። እኛ ራሳችን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለን፣ ሰሌዳው ላይ የነበረውን ሳንገለብጥ ነው የወጣነው። ያ ሰሌዳ እስከ ዛሬ እንደተጠረገ አለ።

የተቀረውን ያላያችሁ እንዳይጠፋባችሁ ባጭሩ እንለፈው። ከተማው ቫላንስን የገደለው ስቶዳርድ ነው ብሎ ያምናል፤ ስቶዳርድም በዚያ ዝና ሴናተር እስከ መሆን ይደርሳል። በእውነት የገደለው ግን ጨለማ ውስጥ የቆመው ቶም ነበር። ቶም ተረስቶ ይሞታል፤ ሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ጫማ እንኳ አላደረጉለትም። ሴናተሩ አርጅቶ እውነቱን ለጋዜጠኞች ሲናገር አዘጋጁ ማስታወሻውን ቀዶ ይጥላል፤ አፈ ታሪኩን ማተም ይሻላል ባይ ነው። ስቱዋርት በዕድሜ ሃምሳ አልፎ ወጣት ጠበቃ ሲሆን ማየት ያስቸግራል፤ ፖምፒና ሃሊም የሚገባቸውን ያህል አልተናገሩም። ሆኖም ስለ ዝና እንዲህ በግልጽ የተናገረ የካውቦይ ፊልም አላየንም።

ለጠየቀን ተማሪ

ልጄ፣ ጥያቄህ ቀላል አይደለም። ፊልሙ ራሱ ጠበቃው ያለ ቶም ጠመንጃ አይተርፍም ነበር ይላል፤ ይህን አንሸፋፍንልህም። ነገር ግን ያች ጥይት ማንን ነፃ እንዳወጣች ቁጠር። ቶም ቤቱን በገዛ እጁ አቃጥሎ ባዶውን ቀረ። ስቶዳርድ ዕድሜውን ሙሉ በሌላ ሰው ጥይት ተከበረ። ያተረፈችው ሃሊ ናት ብትለን እንስማማለን፤ ያተረፈችውም ፊደሏን ነው።

ሽጉጥ የያዘ ሲገባ ሰው ዝም ይላል ያልከው እውነት ነው። ዝም ማሰኘትና መደመጥ ግን ይለያያሉ። ዝም የተባለለት ሰው የተናገረውን ማንም አያስታውስም፤ ሁሉም የሚያየው እጁን ነው። ይህን ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ንፋስ የክፍሉን ቆርቆሮ ሲያጋጨው ዴስክ ሥር የሚገቡ ልጆች አሉን፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ማታ አክተር ለመሆን የሚጣሉት ናቸው። በአገራችንም ሽፍታው ሲፎከርለት የምንሰማው የገደለውን ብዛት ነው፤ የሟቹ ልጆች የት እንደደረሱ የሚነግረን ፉከራ አልሰማንም።

ለባልደረቦቻችን ደግሞ አንድ ሐሳብ አለን። ቪዲዮ ቤት የሄደውን ልጅ ማንበርከክ ፊልሙን ይበልጥ ያጣፍጠዋል እንጂ አያስቀረውም። ይልቅ ያየውን ክፍል ውስጥ ያውራው፤ ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቁት። የሞቱት ሰዎች ስማቸው ማን ነበር? ተኩሱ ካለቀ በኋላ በማግሥቱ ምን ሆነ? ይህን ታሪክ የሚነግረን ማን ነው? እኛ ባለፈው ሳምንት ሞከርነው። የሟቾቹን ስም ያስታወሰ አንድም ልጅ አልነበረም። ከኋላ ወንበር ግን አንዱ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ድጋሚ አይቼው ልምጣ?» አለን።

ፈቅደንለታል፤ ከክፍል በኋላ።