ቃሉና ማኅደሩ፤ በዳርዊን ኮር መመሪያዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የዕፀዋትና የእንስሳት ጥናት ከሜዳ ተነሥቶ ወደ ጽሑፍ ቤት ሲገባ መዝገብ ይሆናል። አንድ ዕፅ ወይም አንድ ወፍ የት፥ መቼና በማን እንደ ተገኘ የሚናገረው መዝገብ ከሌላ አገር መዝገብ ጋር እንዲነጻጸር ሁሉም በጋራ ቃል መጻፍ አለበት። ለዚህ ጉዳይ የተዘጋጀው ዳርዊን ኮር የሚባለው ደረጃ ሲሆን፥ በ1985 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና በምሕጻር ቲ ዲ ደብልዩ ጂ የሚባለው ማኅበር በ2009 እ.ኤ.አ. አጽድቆታል። በ2001 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና ጽሕፈት ቤቱ በኮፐንሃገን የሚገኘው ጂቢፍ የተባለው ዓለም አቀፍ የብዝኀ ሕይወት መረጃ ድርጅት ከ2 ቢሊዮን የሚበልጡ መዝገቦችን ለተመራማሪዎች ሲያቀርብ በዚሁ ቃል ይገለገላል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ደረጃውን ራሱን ሳይሆን እርሱን ለማስረዳት የተጻፉትን መመሪያዎች ነው። ምክንያታችንም ግልጽ ነው። ከመካከላችን የሕይወት ጥናትን የመረጠ ሁሉ በሜዳ የሰበሰበውን ዝርዝር ለሌላው ተመራማሪ ማስተላለፍ አንድ ቀን ይገጥመዋል። መመሪያው ሳይገባው ከጻፈ ድካሙ ከንቱ ሆኖ መቅረቱ ብቻ ሳይሆን ሐሰት የሆነውን ነገር በእውነት መልክ ለዓለም ያቀርባል።

አስቀድመን የሚመሰገነውን እናመስግን። ፈጣን ማጣቀሻ የሚባለው ገጽ እያንዳንዱን ቃል በየወገኑ አስቀምጦ ፍቺውን፥ ማብራሪያውንና ምሳሌውን ለየብቻ ይሰጣል። ቃሉም የራሱ ቋሚ አድራሻ ስላለው የአንዱ አገር ሰው የጻፈውን የሌላው አገር ሰው ያለ ጥርጥር ይረዳዋል። ቃላቱን ማሻሻልም በአንድ ሰው ፈቃድ የሚደረግ ሳይሆን ለሕዝብ በተከፈተ ውይይት የሚፈጸም ነው። ይህ ሁሉ ቀላል ሥራ አይደለም።

ዳሩ ግን ጀማሪው አንባቢ ወደነዚህ ጽሑፎች ሲገባ በአንድ ጊዜ የሚናገሩ ሦስት ድምፆች ይሰማል። አንደኛው መዝገበ ቃላቱ ነው። እርሱ ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ይናገራል እንጂ የትኛውንም ቃል መጻፍ ግዴታ ነው አይልም። ሁለተኛው ማኅደሩ ነው። ይኸውም ዳርዊን ኮር አርካይቭ የሚባለው፥ በተራ ጽሑፍ የተዘጋጁ ሠንጠረዦችን ከአንድ ገላጭ ፋይል ጋር ጠቅልሎ በዚፕ የሚይዘው ነው። ሦስተኛው ተቀባዩ ነው። ለምሳሌ ጂቢፍ የግኝት መዝገብ ሲቀበል የመዝገቡን መለያ፥ የመዝገቡን መሠረት (ማለት ደርቆ የተቀመጠ ናሙና ነው ወይስ በዓይን የታየ)፥ ሳይንሳዊውን ስምና ቀኑን የግድ ይጠይቃል።

እንግዲህ ተማሪው «ይህን ዓምድ መሙላት ግዴታዬ ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ሦስት መልስ ያገኛል። መዝገበ ቃላቱ ግዴታ የለብህም ይለዋል፤ ማኅደሩ ጉዳዬ አይደለም ይለዋል፤ ተቀባዩ ያለዚህ አልቀበልህም ይለዋል። ስለ ጠቅላላው ስብስብ የሚያስረዳው ሰነድም እንዲሁ ነው። የደረጃው የጽሑፍ መመሪያ ሰነዱን በፈቃድ ሲተወው ጂቢፍ ግን ለማሳተም ይጠይቀዋል። ሦስቱም በየራሳቸው ትክክል ናቸው። ጥፋቱ የሚናገረው ማን እንደ ሆነ በገጹ ራስ ላይ በጉልህ አለመነገሩ ነው። በአገራችን የመጻሕፍት ትምህርት ንባቡና ትርጓሜው ተለይተው ይታወቃሉ፤ ተማሪው የመጽሐፉን ቃል ከመምህሩ ማብራሪያ ጋር አያምታታም። በእነዚህ መመሪያዎችም አስገዳጁ የቃላት ዝርዝር ሌላ ሰነድ፥ ብዙ ሰው የሚያነበው ፈጣን ማጣቀሻ ደግሞ ረዳት ሰነድ ነው። ይህን ልዩነት ከጀማሪዎች መካከል ስንቱ ያውቀዋል?

ወደ ማኅደሩ እንመለስ። ማኅደሩን ለሚያነበው መሣሪያ በሠንጠረዡ ራስጌ ላይ የተጻፈው ስም ትርጉም አይሰጥም። ትርጉም የሚሰጠው ሜታ ኤክስ ኤም ኤል የተባለው ገላጭ ፋይል ለየዓምዱ የመደበው ተራ ቁጥር ሲሆን ቁጥሩም የሚጀምረው ከ0 ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ገላጩን ሳያርም በሠንጠረዡ መካከል ዓምድ ቢጨምር ወይም የሁለት ዓምዶችን ቦታ ቢያለዋውጥ ኬክሮስ በኬንትሮስ ቦታ ሊነበብ ይችላል። ከአዲስ አበባ አጠገብ፥ በ9 ዲግሪ ሰሜንና በ38.7 ዲግሪ ምሥራቅ ግድም የተለቀመ ዕፅ ቁጥሮቹ ሲለዋወጡ ከሳርዲኒያ ደሴት በስተ ደቡብ፥ በሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይገኛል። ደግሞም ገላጩ የራስጌውን መስመር ዝለል ብሎ ካልተናገረ መነሻው 0 ስለ ሆነ ራስጌው ራሱ እንደ አንድ መዝገብ ይቈጠራል። የጽሑፍ መመሪያው ይህን ሁሉ በሠንጠረዥ አስቀምጦታል፤ አልደበቀም። የጎደለው ስሕተቱ የሚያስከትለውን ማሳየቱ ነው። የተበላሸ ማኅደርና የታረመ ማኅደር ጎን ለጎን ቢቀርቡ ኖሮ ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ይልቅ ባስተማሩ ነበር።

ሁለተኛው ነቀፋችን ስለ ምሳሌዎቹ ነው። ለቀን የተመደበው ቃል አይ ኤስ ኦ 8601 የተባለውን አጻጻፍ ተከተሉ ይላል። ይህ አጻጻፍ የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ የሚያውቅ ነው። በናሙናው ላይ ያለውን የመጀመሪያ ጽሑፍ እንዳለ ለማቆየትም ሌላ ቃል ተመድቧል፤ ለዚህም ወሩ በሮማ ቁጥር የተጻፈበት ቀን ሳይቀር ምሳሌ ሆኖ ተሰጥቷል። የተለየ የዘመን አቆጣጠር ግን በምሳሌዎቹ መካከል አላየንም። እንበልና አንድ የአደይ አበባ ናሙና መስከረም 5 ቀን 1958 ዓ.ም. የሚል ጽሑፍ አለው። ትክክለኛው አጻጻፍ 1965-09-15 ነው። ቁጥሩን እንዳለ የገለበጠ ሰው ግን 1958-01-05 ብሎ ይጽፋል። ስሕተቱ 7 ዓመት ከ8 ወር ብቻ አይደለም፤ ክረምቱ ሲወጣ የሚያብበው አበባ በጥር መግቢያ እንዳበበ ተደርጎ ይመዘገባል። የአጻጻፉ ቅርጽ ትክክል ስለ ሆነ የሚመረምረው መሣሪያ አይነቅፈውም። የአየር ጠባይ በአበባ ጊዜ ላይ ያመጣውን ለውጥ ለማወቅ የሚደክም ተመራማሪ ይህን መዝገብ ቢጠቀምበት ምን ይሆናል?

የካርታውም ነገር ይህንኑ ይመስላል። የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የምድር ልኬት መሠረት ሲሆን የዛሬው የሳተላይት መሣሪያ የሚሠራው ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በሚባለው ነው። አንዱን በሌላው ስም የጻፈ ሰው ቦታውን ከ100 ሜትር በላይ ያንሸራትተዋል። በገደላማ አገር 100 ሜትር የወንዝን ዳር ከተራራ ጫፍ ይለያል። ደረጃው የልኬቱን መሠረት ለመጻፍ የሚያገለግል ዓምድ አለው፤ ዓምዱ ባዶ ሲቀር የሚጠፋው ምን እንደ ሆነ ግን በሚገባ አላስረዳም።

ሦስተኛው ስለ ማኅደሩ ቅርጽ ነው። ማኅደሩ እንደ ኮከብ ነው ይባላል፤ በመካከል አንድ ዋና ሠንጠረዥ፥ በዙሪያው ከእርሱ ጋር ብቻ የሚያያዙ ተጨማሪ ሠንጠረዦች አሉ። ሥዕሉ ያማረና የሚገባ ነው። ነገር ግን ተጨማሪው ሠንጠረዥ ሌላ ተጨማሪ ሊያስከትል አይችልም። ዋናው ሠንጠረዥ የጉብኝቱ ሲሆን፥ በጉብኝቱ የታዩት ወፎች ተጨማሪ ይሆናሉ፤ የእያንዳንዱ ወፍ ፎቶግራፍ ግን ከወፉ ጋር ሳይሆን ከጉብኝቱ ጋር ይታሰራል። ይህ ወሰን ከሥዕሉ ሥር በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢነገር ተማሪው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ቅርጹን በአግባቡ ይመርጥ ነበር።

አንዳንድ ሰዎች ጂቢፍ ያዘጋጀው አይ ፒ ቲ የተባለው መሣሪያ ገላጩን ፋይል ራሱ ስለሚጽፍ ይህን ሁሉ ማወቅ አያስፈልግም ይሉ ይሆናል። መሣሪያው ድካምን እንደሚያቀል አንክድም። ነገር ግን መሣሪያው ዓምዱን ከቃሉ ጋር ያገናኛል እንጂ በዓምዱ ውስጥ ያለው ዘመን የማን አቆጣጠር እንደ ሆነ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው፤ ጸሐፊውን የሚያስተምረው ደግሞ መመሪያው ነው።

ስለዚህ አሳባችንን በአጭሩ እናቀርባለን። በመጀመሪያ፥ እያንዳንዱ ገጽ የሚናገረው ስለ ቃሉ፥ ስለ ማኅደሩ ወይስ ስለ ተቀባዩ እንደ ሆነ በራሱ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፥ ከናሙናው ጽሑፍ ተነሥቶ እስከ ተዘጋው ማኅደር ድረስ የሚዘልቅ አንድ ሙሉ ምሳሌ ከነስሕተቱና ከነእርማቱ ይሰጥ። ሦስተኛ፥ ምሳሌዎቹ ከልዩ ልዩ አገርና ከልዩ ልዩ የዘመን አቆጣጠር ይውጡ።

ይህ ሦስተኛው አሳብ ሌሎች እስኪሠሩልን የምንጠብቀው አይደለም። ውይይቱ ለሁሉም የተከፈተ ስለ ሆነ፥ ስለ ዘመን አቆጣጠራችንና ስለ ቀድሞዎቹ ካርታዎቻችን የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተን ለማቅረብ የሚከለክለን የለም። የጥናቱ መምህራን ቢመሩን፥ የሒሳብና የካርታ ሥራ የሚያውቁ ጓደኞቻችንም ቢያግዙን በአንድ የዕረፍት ወራት የሚያልቅ ሥራ ነው። በዚህ አሳብ የሚስማሙም ሆኑ የሚቃወሙ አንባቢዎች አስተያየታቸውን በሚቀጥለው እትም ቢጽፉልን ደስ ይለናል።