«ዓመታዊ» እና «ቋሚ»፤ በጅብራ ሲመዘኑ

ከባዕዳን ቋንቋዎች ወደ አማርኛ በሚመለሱ የዕፅዋት ጽሑፎች ዕድሜያቸው በአንድ ዓመት የሚወሰነው ተክሎች «ዓመታዊ»፣ ከዚያ በላይ የሚኖሩት «ቋሚ» ይባላሉ። ስያሜዎቹ የግብርና ናቸው። ጤፍና ስንዴ ዓመታዊ ሰብል፣ ቡናና ብርቱካን ቋሚ ሰብል ሲባሉ ሁሉም ይግባባል። ችግሩ የሚገለጠው ቃላቱ ከማሳ ወጥተው ለዱር ዕፅዋት መፍቻ ሲሆኑ ነው።

በቋንቋችን «ዓመታዊ በዓል»፣ «ዓመታዊ ጉባኤ» ሲባል በየዓመቱ የሚመላለስ ማለት ነው። ስለዚህ «ዓመታዊ አበባ» የሚል ያነበበ ሰው በየዓመቱ የሚያብብ ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም። ተርጓሚው ለማለት የፈለገው ግን በዓመቱ ውስጥ የሚሞት ነው። አንባቢው የተረዳው የተባለውን ተቃራኒ ሆነ ማለት ነው።

«ቋሚ» በበኩሉ መቆምንና አለመለወጥን ያሳስባል። በመንዝና በባሌ ተራሮች የሚገኘው ጦስኝ ብዙ ዓመት የሚኖርና ደጋግሞ የሚያብብ ቢሆንም መሬት ለመሬት የሚንሰራፋ ነው። ነገሩን ይበልጥ የሚያጠብቀው ግን ጅብራ ነው። ሎቤሊያ ሪንኮፔታለም የሚል ሳይንሳዊ ስም ያለው ይህ ተክል በኢትዮጵያ ብቻ ይገኛል፤ በስሜንና በባሌ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ሕዝቡ ውርጭ በሚለው አገር ይበቅላል። ቅጠሉን በአናቱ ከቦ ለብዙ ዓመታት ከኖረ በኋላ፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ ዘሩን በትኖም ይደርቃል። እንሰትም እንደዚሁ አንድ ጊዜ አብቦና አፍርቶ የሚሞት ነው።

እንግዲህ ብዙ ዓመት የሚኖረውን ተክል «በየዓመቱ የሚያብብ» ብለው የሚፈቱ ተርጓሚዎች ጅብራንና እንሰትን ከክፍላቸው ያስወጣሉ። የስሕተቱ ምንጭ የሁለት ጥያቄዎች መደባለቅ ነው፤ ተክሉ ስንት ዓመት ይኖራል? ስንት ጊዜስ ያብባል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ «የአንድ ዓመት ተክል» እና «ከራሚ ተክል» የሚሉት ይሻላሉ። ከረመ ከክረምት ጋር የሚዛመድ ግስ ነው፤ «እንደምን ከረማችሁ»፣ «ለከርሞ ያድርሰን» በምንላቸው ውስጥ ግን ጊዜን አልፎ ለሚቀጥለው መድረስን ያመለክታል። ጤፍም ክረምቱን በማሳ ያሳልፋል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይሁን እንጂ ጤፍ በመኸር ይታጨዳል፤ ለከርሞ የሚደርሰው ዘሩ እንጂ ተክሉ አይደለም። «የከረመ እህል» የሚለው አነጋገር አሮጌነትን ማሳሰቡ እውነት ነው፤ «ከራሚ» ግን አድራጊውን የሚያመለክት ቅርጽ በመሆኑ ከዚያ ይለያል። ለሁለተኛው ጥያቄ «አንድ ጊዜ አባቢ» እና «ደጋግሞ አባቢ» ይበቃሉ።

በሰብል ቈጠራና በግብርና መግለጫዎች የለመዱት «ዓመታዊ» እና «ቋሚ» ይሻሩ አንልም። በመዝገበ ቃላት ግን የሚከተለው ዓይነት ፍች ቢሰጥ ይመረጣል፦

ጅብራ፤ (ስም) በኢትዮጵያ ውርጭ ተራሮች የሚበቅል ከራሚ ተክል፤ ብዙ ዓመት ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያብብና ዘሩን በትኖ የሚደርቅ።

ተርጓሚዎችም «ግዙፍ ሎቤሊያ» የሚለውን ትተው በስሙ ቢጠሩት መልካም ነው። ሎቤሊያ የፍላንደርሱን የዕፅዋት ሊቅ የማቲያስ ደ ሎቤልን ስም የሚያስታውስ የወገን ስም ነው፤ በዚያ ወገን ውስጥ በአበባ መደብ የሚተከሉ ትንንሽ ተክሎችም አሉ። ጅብራ ሲባል ግን ደገኛው ሰው የትኛው እንደሆነ አይጠፋውም። የቃሉ ባለቤት ሳለ ፍቹን በባዕድ ስም መፈለግ አይገባም።