ዋሻ ያቆየው ግድግዳ፦ የይምርሐነ ክርስቶስ ኪነ ሕንጻ

ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ላሊበላን ሊሳለም የሚሄድ ምዕመን ቀድሞ የሚናፍቀው ቤተ ጊዮርጊስን ነው። ይምርሐነ ክርስቶስን «ጊዜ ከተረፈን» ብሎ በይደር ያቆየዋል፤ ብዙውም ሳያየው ይመለሳል። እኔ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። የላሊበላን አለት የፈለፈሉት ሰዎች በልባቸው ምን ዓይነት ሕንጻ ይዘው እንደፈለፈሉ የሚገባን መጀመሪያ ይምርሐነን ያየን እንደሆነ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ከላሊበላ ወጣ ብሎ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገን፣ በጥድ ደን በተከበበ ትልቅ ዋሻ ውስጥ ተሠርቷል። ያሠራው ከንጉሥ ላሊበላ በፊት የነገሠውና ክህነትን ከንግሥና ጋር ይዞ የኖረው የዛግዌው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ እንደሆነ ትውፊቱ ይናገራል፤ መቃብሩም እዚያው ዋሻው ውስጥ ነው። የዋሻው ወለል ረግረግ ስለነበር ሕንጻው በእንጨት ርብራብ ላይ እንደቆመ ካህናቱ ያስረዳሉ።

ግድግዳው ፊት ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከሥር እስከ ላይ አንድ መደዳ ድንጋይ፣ አንድ መደዳ እንጨት እየተፈራረቀ ይሄዳል። ድንጋዩ ነጭ ልስን ተለስኗል፤ አግዳሚው እንጨት ግን እንዳለ ተትቶ ጠቁሯል። ስለዚህ ከሩቅ የሚታየው ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር ቀለም ቀቢ ያመጣው አይደለም። ግንበኛው ግድግዳውን ለማሰር ያስገባው አግዳሚ ራሱ ጌጥ ሆኖ ነው። ግድግዳው ቀጥ ብሎም አይሄድም፤ ወጣ ገባ ይላል። በየመስኮቱ ማዕዘን ላይ ወፍራም ባለ አራት ማዕዘን እንጨት ቋሚውንና አግዳሚውን አቆላልፎ ይይዛል፤ በመካከሉም ብርሃን እያጣራ የሚያስገባ፣ በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለ ሥራ አለ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሸክም የሌለበት ጌጥ ፈልጌ ያገኘሁት ጥቂት ነው።

ይህ አሠራር ከአክሱም የወረደ ነው። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ላይም አለ። የሚደንቀው ግን የላሊበላው ቤተ አማኑኤል ነው። ቤተ አማኑኤል ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው፤ እንጨት የለበትም፣ ማሰሪያም አያስፈልገውም። ጠራቢዎቹ ግን የአግዳሚውን መደዳ አንድ በአንድ በድንጋዩ ላይ ቀርጸውታል። ሥራው እጹብ ነው፤ ይምርሐነን ካዩ በኋላ ግን ቤተ አማኑኤል ላይ ትዝታ የሆነው ነገር ይምርሐነ ላይ ሥራ ላይ እንዳለ ይታወቃል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ውስጡ በዓምዶችና በቅስቶች ለሦስት የተከፈለ ነው። መካከለኛው ክፍል በግራና በቀኝ ተዳፋት ያለው የእንጨት ጣሪያ ተሸክሟል። ዝናብ በማይደርስበት ዋሻ ውስጥ ተዳፋት ጣሪያ ምን ያደርጋል? መልሱ ግልጽ ይመስለኛል፦ ግንበኞቹ ሜዳ ላይ ሲሠሩት የኖሩትን ቤት ነው ዋሻው ውስጥ ያስገቡት። ሜዳ ላይ የነበሩት አብዛኞቹ አቻዎቹ በዝናብ፣ በምስጥና በእሳት ሲያልቁ ይህኛው ለእኛ ተረፈ። የግራና የቀኙ ክፍል ኮርኒስ በትንንሽ አራት ማዕዘን የተከፋፈለ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቤት እንደ ወሎ ሰፌድ የየራሱ ጥለት አለው። የአእዋፍና የእንስሳት ሥዕልም አለበት። በመቅደሱ ላይ ከእንጨት የተሠራ ጉልላት አለ።

ችግሩ ብርሃን ነው። ኮርኒሱን ያለ ባትሪ ማየት አይቻልም፤ የግድግዳው ሥዕልም ደብዝዟል። የአገራችን ጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎች ከሚባሉት አንዱ በዚህ ዓይነት ጨለማ ውስጥ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ይምርሐነ ታነጸበት በሚባለው በ12ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞችም የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያኖቻቸውን ያንጹ ነበር። ኦክስፎርድ አጠገብ ያለው የኢፍሊ ቅድስት ማርያም አንዱ ነው። እሱም እንደ ይምርሐነ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ነው፤ ሕዝቡ በምዕራብ፣ ካህኑ በምሥራቅ። ልዩነቱ ጌጡ ላይ ነው። ኢፍሊ ላይ ጌጡ በምዕራቡ በር ቅስት ዙሪያ ይበረታል፤ የአውሬ ራሶችና የተሰባበሩ መስመሮች በድንጋዩ ላይ ተቀርጸዋል። ግሩም የእጅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ቢፋቅ ቅስቱ አይወድቅም። ይምርሐነ ላይ አግዳሚው ቢነሳ ግድግዳው ይናዳል።

ይህን የማነሳው በደሴና በኮምቦልቻ የሚሠሩትን አዳዲስ ሕንጻዎች እያየሁ ነው። የምዕመኑ ልግስና የሚያኮራ ነው፤ ከደሞዙና ከሱቁ ቀንሶ ያንጻል። የሚታነጸው ግን በአብዛኛው የኮንክሪት ቋሚ፣ በመካከሉ ብሎኬት፣ በላዩ ልስንና ቀለም ነው። ሲሚንቶን አልጠላም፤ ይምርሐነን በሲሚንቶ መቅዳትንም አልመክርም፤ እሱም ቤተ አማኑኤልን መድገም ይሆናል። የምጠይቀው ቋሚውና አግዳሚው እንዲታይ፣ ጌጡም ከእነሱ እንዲነሳ ነው። አገራችን ደግሞ የሚንቀጠቀጥ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በካራቆሬ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። በድንጋይ መካከል እንጨት ማስገባት በቱርክና በካሽሚር መንደሮችም የሚታወቅ የመንቀጥቀጥ መከላከያ ነው፤ እንጨቱ ግድግዳው ሲወዛወዝ አብሮ ይይዘዋል። የይምርሐነ ግንበኛ ይህን ያውቅ ኖሯል ብዬ ባልምልም ዕውቀቱ ግን ግድግዳው ውስጥ አለ።

አንድ ቅሬታዬን ሳልናገር አላልፍም። በዋሻው አፍ ላይ በቅርብ ዘመን የተሠራው ግንብ ቤተ ክርስቲያኑን ከፊት ለፊት እንዳይታይ ጋርዶታል። ለጥበቃ እንደሆነ ይገባኛል፤ ቅርስ የሚሰረቅበት ዘመን ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ግንበኛ አስቦ ያቆመውን የዋሻና የቤት ትይዩ እይታ ቆርጦታል። ዝቅ ቢል፣ ወይም ዓይን በሚያሳልፍ የእንጨት አጥር ቢተካ ጥበቃው አይጎድልም። ደሴ ላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ለማነጽ ያሰበ ኮሚቴም መሐንዲሱን ይዞ፣ በወልድያና በጋሸና አድርጎ፣ መጀመሪያ መስኮቱ ማዕዘን ላይ ያለውን የእንጨት ቁልፍ ሄዶ ያጥና፤ ከዚያ ፕላኑን ይዘርጋ።