ባትሪውን ብቻ የሚናገር ዕቃ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025 ሂውሜን የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ ሰርቨሮቹን ዘጋ። ኤአይ ፒን የሚባለው ዕቃውም አብሮ ሞተ። ደረት ላይ በማግኔት የሚለጠፍ፣ ስክሪን የሌለው፣ በድምፅ የሚታዘዝ፣ ስልክን ይተካል የተባለለት ዕቃ ነበር። ዋጋው 699 ዶላር፣ በላዩ ላይ በየወሩ 24 ዶላር። ኩባንያው ለደንበኞቹ ባወጣው የመሰናበቻ ማስታወቂያ መደወል፣ መልእክት መላክ፣ ጥያቄ መጠየቅ ሁሉ እንደሚቆም ገልጾ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ አንዳንድ ነገሮች ግን ይቀጥላሉ አለ። ምሳሌ ሲሰጥ ምን ጠቀሰ? የባትሪ መጠን ማወቅ። ሌላ ምንም የማይሠራ ዕቃ፣ ባትሪው ስንት እንደቀረው ይነግራችኋል። ከዚህ የበለጠ ስላቅ የሚጽፍ ደራሲ ካለ ይምጣና እንየው።

የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች አዲስ ዕቃ የሚያስተዋውቁበትን መድረክ እኔ እንደ ቴአትር ነው የማየው። የራሱ ወግ አለው። ጥቁር ልብስ፣ ባዶ መድረክ፣ ረጋ ያለ ድምፅ፤ መጀመሪያ ችግር ይነገራል፣ ከዚያ መፍትሔው ከኪስ ይወጣል። ወጉን ያጸናው ስቲቭ ጆብስ ነው። ጃንዋሪ 2007 ላይ አይፎንን ሲያሳይ በእጁ የነበረው ስልክ ገና ያላለቀ ነበር። መሐንዲሶቹ ስልኩ ሳይንተከተክ የሚሠራበትን ቅደም ተከተል ፈልገው አገኙለት፣ እሱም ከዚያች መስመር ሳይወጣ አሳየ። ማታለል ነው? በከፊል አዎ። ግን በዚያው ዓመት ጁን መጨረሻ ላይ ስልኩ ሱቅ ሲገባ፣ መድረክ ላይ የታየውን በእርግጥም አደረገ። ስለዚህ ቴአትሩን በጅምላ ማውገዝ አልፈልግም። የሚያሳስበኝ በተውኔቱና በዕቃው መካከል ያለው ርቀት ነው። ያንን ርቀት ማን ይለካል የሚለው ደሞ ይበልጥ ያሳስበኛል።

የሂውሜን መሥራቾች ኢምራን ቾድሪና ቤተኒ ቦንጆርኖ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለቱም ከአፕል የወጡ። ቾድሪ ኤፕሪል 2023 ላይ በቴድ መድረክ ያደረገውን ንግግር ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እንደ ድርሰት ከወሰድነው ጥሩ ድርሰት ነው። ሚስቱ ትደውላለች፣ ጥሪው መዳፉ ላይ በብርሃን ይታያል። አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ዕቃው በራሱ በቾድሪ ድምፅ በፈረንሳይኛ ይደግመዋል። ቸኮሌት አውጥቶ ልብላው ወይ ይላል፤ ዕቃው ውስጡ ያለው የካካዎ ቅቤ እንደማይስማማው ያስታውሰዋል። ሰውዬው ግን ለማንኛውም እበላዋለሁ ብሎ ያስቃል።

የምትገርመኝ ይቺ የቸኮሌት ትዕይንት ናት። ሰውዬው የማይስማማውን ምግብ ድሮም ያውቃል። ዕቃው የነገረው የሚያውቀውን ነው፣ ምክሩንም አልተቀበለም። ልብ ብላችሁ ካያችሁት አንድም ችግር አልተፈታም። ግን አንድ ነገር ተሽጧል፤ የሚያስብልህ አለ የሚል ስሜት። እናት በስልክ "በልተሃል?" ስትል የምታስተላልፈው ዓይነት። ኩባንያው ከባለሀብቶች ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሰበሰበው፣ በከፊልም ቢሆን፣ በዚያ ስሜት ይመስለኛል።

ከዚያ ዕቃው ራሱ መታየት ጀመረ። ኖቬምበር 2023 ላይ በተለቀቀው ማሳያ ቪዲዮ፣ የሚቀጥለው የፀሐይ ግርዶሽ የት በደንብ እንደሚታይ ሲጠየቅ አውስትራሊያና ምሥራቅ ቲሞርን ጠራ። የኤፕሪል 2024ቱ ግርዶሽ የሚያልፈው ግን በሜክሲኮ፣ በአሜሪካና በካናዳ ላይ ነበር። ስህተቱ ብዙም አያስደንቅም፤ ማሽን ይሳሳታል። የሚያስደንቀው ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ፣ ድምፅና ቀለሙ ተስተካክሎ በወጣ ቪዲዮ ውስጥ ማንም አለማየቱ ነው። የጻፉትን ተውኔት ራሳቸው አላነበቡትም ማለት ነው። ኤፕሪል 2024 ላይ ገምጋሚዎች እጅ ሲገባማ ጉዱ ወጣ። መልስ ለመስጠት ይዘገያል፣ ይግላል፣ የመዳፉ ብርሃን ፀሐይ ላይ አይታይም፣ ታይመር እንኳ መሙላት አይችልም። ጁን ላይ ደሞ የቻርጅ ማድረጊያ ማህደሩ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል አትጠቀሙበት ተባለ።

ከግምገማዎቹ ሁሉ የታወቀው የማርኬስ ብራውንሊ ነው። የቪዲዮው ርዕስ ወደ አማርኛ ቢመለስ "እስካሁን ከገመገምኳቸው ሁሉ የከፋው ምርት... ለጊዜው" የሚል ነው። "ለጊዜው" የምትለዋን ቃል ወድጃታለሁ፤ ሰምና ወርቅ አላት። ሰሙ፣ ዕቃው ወደፊት ሊሻሻል ይችላል ነው። ወርቁ፣ ከዚህ የባሰም ሊመጣ ይችላል። ቪዲዮው እንደወጣ ግን ቁጣ ተነሣ። ይህን ያህል ሚሊዮን ተከታይ ያለው ሰው አንድ ጀማሪ ኩባንያን እንዲህ በአደባባይ መምታቱ ነውር ነው፣ የሰው እንጀራ ይዘጋል ያሉ ነበሩ። ብራውንሊም መጥፎ ግምገማ ኩባንያ ይገድላል ወይ በሚል ሌላ ቪዲዮ መልስ ሰጠ።

ክርክሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። "አገር በቀል ነው፣ አበረታቱ እንጂ" የሚለውን ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? መጽሐፍ ሲወጣ፣ ፊልም ሲወጣ፣ አፕ ሲወጣ። ጀማሪን ማበረታታት መልካም ነው፣ ጀማሪው ግን 699 ዶላር ከተቀበለ በኋላ እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ነጋዴ ሆኗል። ብራውንሊ ዘወትር የሚመክረው ምክር አለ፤ ዕቃን ዛሬ በሚሠራው ግዙት፣ ነገ በአፕዴት ይመጣል በሚባለው አትግዙት። እኛ ዘንድ ከሱ በፊት የተባለ ነው፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

እኔ ከዚህም አልፌ ልሂድ። ሃቀኛ ግምገማ ከሳን ፍራንሲስኮ ይልቅ አዲስ አበባ ላይ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ገዢ ዕቃው ካላማረው በተወሰነ ቀን ውስጥ መልሶ ገንዘቡን ይቀበላል። ሂውሜን ሲዘጋም ገንዘብ የመለሰው የመመለሻ ጊዜያቸው ላላለፈ ገዢዎች ነው፤ ቀደም ብለው ያመኑት ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የእኛ ሰው ደሞ ከመጀመሪያውም ቀን የለውም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ደረሰኙ ግርጌ ያለችውን ማኅተም ግን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ዕቃው በዘመድ ሻንጣ ቦሌ የገባ ከሆነማ ለማን ይመለሳል? ኤፕሪል 2024 ላይ 699 ዶላር በባንክ ምንዛሪ ወደ 40 ሺህ ብር ገደማ ነበር። በዚህ ገንዘብ የሚሳሳት ሰው አንዴ ነው የሚሳሳተው። ከመግዛቱ በፊት የሚያየው ግምገማ ብቸኛው ዋስትናው ነው።

በአማርኛ የሚሠሩ የቴክ ቪዲዮዎችን ብዙ አያለሁ፣ አንዳንዶቹ ጎበዞች ናቸው። አብዛኞቹ ግን ካርቶን ከፍተው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያነባሉ። ካሜራው ይህን ያህል ሜጋፒክሰል፣ ራሙ ይህን ያህል፣ ኤአይ አለው። "ኤአይ አለው" ምን ማለት ነው? አማርኛ ስናገር ይሰማኛል? ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን ይቀረዋል? ኩባንያው ሰርቨሩን ቢዘጋስ? ላስቲኩ ገና ያልተላጠለት ዕቃ ላይ ፍርድ መስጠት ሽፋኑን አይቶ መጽሐፍ መተቸት ነው። ዕቃው በነጻ የተሰጣቸው ከሆነ ደሞ እሱን የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው።

ተስፋው ራሱ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ማንበብ ሳይጠይቅ፣ ዓይን ሳይጠይቅ በንግግር የሚታዘዝ ማሽን ለብዙ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ቢ ማይ አይስ የተባለውን አፕ ተመልከቱ። ዓይነ ስውራን በቪዲዮ ጥሪ ከበጎ ፈቃደኞች እርዳታ የሚያገኙበት ነበር፤ ማርች 2023 ላይ ጂፒቲ-4ን ጨምሮ፣ በስልክ ካሜራ የተነሣውን ሥዕል በቃላት ማስረዳት ጀመረ። ስልክን እተካለሁ አላለም፣ ተጠቃሚው በያዘው ስልክ ላይ ተሠራ። ሥራው ቀላል ነው፦ ይህ ጣሳ ምንድን ነው፣ መድኃኒቱ የቱ ነው። ጠያቂው መልሱን በእርግጥ ሳያውቅ ነው የሚጠይቀው። ከቾድሪ ቸኮሌት ጋር አስተያዩት።

ኤችፒ የሂውሜንን ፓተንትና ሶፍትዌር ከአብዛኞቹ ሠራተኞች ጋር በ116 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ዕቃውን አልገዛም። ደረት ላይ ይለጠፍ የነበረው ፒን አሁን የሆነ ሰው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቻርጅ ከተደረገ ባትሪውን ይናገራል።