ሬቨንና ሰብለ፦ በሩን ማን ከፈተው?

በኮሚክ ወዳጆች ዘንድ ከማያልቁት ክርክሮች አንዱ «ሬቨንና ቢስት ቦይ ይሆናሉ ወይስ አይሆኑም?» የሚለው ነው። ለማታውቋቸው በአጭሩ ላስተዋውቃችሁ። «ቲን ታይታንስ» የዲሲ ኮሚክስ የታዳጊ ልዕለ ጀግኖች ቡድን ነው። ሬቨን፣ ስታርፋየርና ሳይቦርግ ወደ ቡድኑ የገቡት ማርቭ ዎልፍማንና ጆርጅ ፔሬዝ እ.ኤ.አ. በ1980 ቡድኑን እንደ አዲስ ሲያዋቅሩት ነው። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ግን በአብዛኛው የምናውቃቸው እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 ከታየው ካርቱን ነው። እኛ ጋ፣ ሞጣ፣ የደረሰው ዘግይቶ፣ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ፣ ክፍሎቹም ቅደም ተከተላቸው ጠፍቶ ነው። ያም ሆኖ ሬቨንን ለመውደድ ቅደም ተከተል አላስፈለገንም።

ሬቨን ትራይጎን የሚባል የአጋንንት ጌታ ልጅ ናት። ኃይሏ ከስሜቷ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ከተናደደች፣ ከፈራች ወይም ከወደደች በዙሪያዋ ያለው ዕቃ ይሰባበራል። ስለዚህ ከልጅነቷ ጀምሮ የተማረችው ምንም እንዳይሰማት ማድረግን ነው። ኮፍያዋን ደፍታ፣ ክፍሏን ዘግታ መጽሐፍ ታነባለች። ቢስት ቦይ ተቃራኒዋ ነው፤ አረንጓዴ ነው፣ የፈለገውን እንስሳ ይሆናል፣ ማንንም የማያስቅ ቀልድ ያበዛል። ካርቱኑ ሁለቱን ፍቅረኞች አላደረጋቸውም። ቢስት ቦይ የወደደው ቴራ የምትባል ሌላ ልጅ ነበር፤ የመጨረሻው ክፍልም የሚያልቀው እሷን በሚመለከት ጥያቄ ነው። አድናቂዎቹ ግን አልተዉትም። ሁለት ገጸ ባሕርያትን አጣምሮ ለዚያ ጥምረት መሟገት «ሺፕ ማድረግ» ይባላል፤ እነሱም ሬቨንንና ቢስት ቦይን ለዓመታት ሺፕ አደረጉ፣ ሳሉ፣ ጻፉ።

ይህን ብዙ ሰው የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ አጥብቆ የማንበብ አንዱ መንገድ ነው እላለሁ። ማስረጃዬ አንድ ትዕይንት ነው። ሬቨን በመጽሐፍ ውስጥ የታሰረ ደግ አስማተኛ መስሎ የቀረባትን ማልኪዮርን ትወዳለች። ሰውየው ግን ሊያመልጥ የፈለገ ዘንዶ ሆኖ ይገኛል። ተታላ፣ አፍራ፣ ክፍሏን ዘግታ ትቀመጣለች። ቢስት ቦይ ይመጣና ከበሩ ውጭ ቆሞ ያጽናናታል። በሩን አይሰብርም፤ አይጥ ወይም ትንኝ ሆኖ በቀዳዳ መግባት ሲችልም አይገባም። ተናግሮ ይጨርሳል። በሩን የምትከፍተው እሷ ናት፣ ቀድማ የምታቅፈውም እሷ ናት። የአድናቂዎቹ ሙግት በሙሉ ከዚህች ቅጽበት የበቀለ ነው ብል አላጋነንኩም። ደራሲዎቹ በዝምታ ያለፉትን ተመልካቹ አነበበው።

ንባቡም መና አልቀረም። ገብርኤል ፒኮሎ የሚባል ብራዚላዊ ሠዓሊ እነዚህን ልጆች ከጀግና ልብሳቸው አውጥቶ በሹራብና በጂንስ እየሳለ ኢንተርኔት ላይ ይለቅ ነበር። በኋላ ዲሲ ራሱ ቀጠረው። ከጸሐፊዋ ካሚ ጋርሲያ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ሁለቱ ፍቅር ሙሉ መጽሐፍ አወጣ። አድናቂ የነበረ ሰው የታሪኩ ባለቤቶች ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

ሺፕ የሚያደርጉት ሁሉ ግን እኩል አያነቡም። «ቢስት ቦይ ባይኖር ሬቨን ሰው አትሆንም፤ የሚያድናት እሱ ነው» የሚሉ አሉ። ከእነሱ ጋር አልስማማም። ካርቱኑ ውስጥ ትራይጎን ዓለምን ሲያጠፋ ጓደኞቿ ይዋጋሉ፣ ሮቢንም እሷን ፍለጋ እስከ ታች ይወርዳል። አባቷን የምታሸንፈው ግን ራሷ ሬቨን ናት። የዚህ ጥምረት ውበት ልጁ ልጅቷን ማዳኑ ላይ አይደለም። «ስሜትሽ ያጠፋል» ተብላ ያደገች ልጅ በገዛ እጇ በር መክፈቷ ላይ ነው።

ይህንን የአነባበብ ልማድ ይዘን ወደ እኛ አገር እንምጣ። ከሞጣ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ደብረ ወርቅን አልፎ ብቸናን ያገኛል፣ ከዚያ ደጀን ደርሶ የዓባይን በረሃ ይወርዳል። ከብቸና ብዙም ሳይርቅ በአብነት ትምህርቱ ስሙ የታወቀው ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያገናኟቸው እዚያ ነው። ከአማርኛ ልብ ወለድ እንደነዚህ ሁለቱ ሺፕ የተደረገ ጥንድ የለም። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው ያልተማረው ገበሬ ሳይቀር ለእነሱ ወገነ። ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» በተባለው አልበሙ «ማር እስከ ጧፍ»ን ከዚሁ ታሪክ ተነስቶ ዘፈነ። እኛ ቃሉን ሳናውቀው ሺፕ ማድረግን ኖረንበታል።

ግን እንዴት ነው የምናስታውሳቸው? ሰውን ብትጠይቁ የሚነግራችሁ የበዛብህን መከራ ነው። የድሃ ልጅ ነው፣ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት፣ ከማንኩሳ ተነስቶ በዜማና በቅኔ ያደገ። የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሊያስተምር ገብቶ ወደዳት፣ ሲታወቅበት ሸሸ፣ መንገድ ላይ ሞት ቀደመው። ሰብለ በዚህ አተራረክ የምትናፈቅ፣ የምታምር፣ በኋላም የምታለቅስ ሴት ብቻ ሆና ትቀራለች።

አሁን የሬቨንን በር ባነበብንበት ዓይን እናንብባት። ሰብለ ያደገችው በአባቷ የዘር ሒሳብ ውስጥ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለጠየቃት ሁሉ አጥንት እየቆጠሩ፣ «የሚመጥናት የለም» እያሉ ዕድሜዋን አሳለፉት። ሬቨን ብትወድ ዕቃ ይሰበራል፤ ሰብለ ብትወድ የሚሰበረው የአባቷ ክብር ነው። ሁለቱም ስሜታቸውን እንደ አደጋ እንዲጠብቁ የተፈረደባቸው ናቸው። ልዩነቱ የሬቨን እስር በደሟ ውስጥ ያለ ኃይል መሆኑ ነው። የሰብለ እስር ግን ስም ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ አባት፣ እናት፣ ባላባት፣ ወግ። ሐዲስ ከኮሚኩ የሚልቁት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ መሰናክሉን ጠንቋይ ላይ አላሳበቡም። ጉዱ ካሳን በመካከል አስቀምጠው ያ ወግ በሰው እጅ የተሠራ መሆኑን አስነገሩት። ወግን በመንቀፉም «ጉዱ» ተባለ።

በዛብህ ከሸሸ በኋላ ደግሞ ከቤት የምትወጣው ሰብለ ናት። ልብሷን ቀይራ፣ ማንነቷን ሸሽጋ፣ ብቻዋን ሄዳ የማታውቅ የባላባት ልጅ እሱ የሄደበትን መንገድ ትከተላለች። የጀግና ታሪክ ወዳጆች ይህን ምልክት እናውቀዋለን፤ ማንነትን የሚሸፍን ልብስ የሚለብሰው ባለታሪኩ ነው። በዚህ መጽሐፍ የለበሰችው ሰብለ ናት። የደረሰችው ፍቅረኛዋ ሊሞት ሲል መሆኑ መንገዷን ከንቱ አያደርገውም። እኛ ግን መቃብሩን አስታውሰን መንገዱን ረሳነው።

ይህ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። እኛ ክፍል ውስጥ ጥር ገብቶ ሲወጣ ወንበራቸው ባዶ የሚሆን ሴት ልጆች ነበሩ። የት ገቡ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ «ተዳረች» ካሉ አለቀ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 አድርጎታል፤ ሕጉ ግን ራሱ በእግሩ ሄዶ በር አያንኳኳም። የሰብለ ጉዳይ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ እነሱ ያለ ጊዜያቸው ተዳሩ፣ እሷ ጊዜዋ እስኪያልፍ ተያዘች። ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ሰዓቱን የሚቆጥረው ሌላ ሰው ነው። አንዲት የብቸና ተማሪ በዛብህና ሰብለን ሺፕ ስታደርግ ምን እንደምታስታውስ ለእኔ ትልቅ ነገር የሆነው ለዚህ ነው። እንባውን ብቻ ካስታወሰች ፍቅር ማለት መሞት ነው ብላ ትቀራለች። መንገዱን ካስታወሰች ግን ፈቃድ ሳትጠብቅ የወጣች የአገሯን ልጅ ታገኛለች።

«ሐዲስን ከካርቱን ጋር ታወዳድራለህ እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ አወዳድራለሁ። መጽሐፉ ክቡር ነው ብለን መደርደሪያ ላይ ስንሰቅለው ነው የሚሞትብን። አድናቂ ግን ይሟገታል፤ «ባይሸሽ ኖሮስ? ቀድማ ብትወጣስ?» እያለ ይጠይቃል። መጨረሻውን እየቀየሩ የሚጽፉ ልጆችን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም። አንድ ነገር ብቻ እለምናቸዋለሁ፤ ጥንዶቹን ስታድኑ ፊታውራሪ መሸሻን ከቤቱ አታስወጡት። እሱ ከሌለ ሰብለ የምታሸንፈው ነገር የላትም፣ ታሪኩም የሁለት ቆንጆዎች ፎቶ ይሆናል።

የራሳችን ልዕለ ጀግኖችም መጥተዋል። የብሥራት ደበበ ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በእንግሊዝኛም በአማርኛም አውጥቷል፤ ጀግናው ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ከእንግዲህ ለሚመጡት የእኛ ኮሚክ ጀግኖች ፍቅረኛ ስንመርጥ ማን ከማን ጋር እንደሚያምር ከመጠየቃችን በፊት ሌላ ጥያቄ ብናስቀድም ደስ ይለኛል። የልጅቷ በር የተዘጋው በማን ነው? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?